የ60 ሚሊዮን ዶላር እጅ መንሻ

የአሜሪካ ምርጫ ወሬ በተነሣ ቁጥር የማይቀር አንድ ክርክር አለ። «የነሱ አገር እኮ ሕግ አለ! አፈ ጉባኤ ሳይሉ፣ ሚኒስትር ሳይሉ፣ ያጠፋውን ጎትተው ያስራሉ» ይላል አንደኛው። ሌላው ደግሞ «ተወኝ ባክህ፣ ሌባ የትም ሌባ ነው» ብሎ ጨዋታውን ይዘጋል። አንደኛውን ሰው ማስረጃ አምጣ ያሉት እንደሆነ ኦሃዮን ይጠቅሳል። የኦሃዮ ስቴት ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ሚስተር ላሪ ሃውስሆልደር በሰኔ 2023 በ20 ዓመት እሥራት ተቀጥተዋልና። (እዚህ የምጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያ ለአንደኛው ሰው ነው። ለሁለተኛው መልስ የለኝም። ሁሉም ያው ነው ካለ ሰው ጋር መከራከር ውኃ መውቀጥ ነው። አንደኛው ግን ሕግ የሚወድ ሰው ነው፣ ሕግ የሚወድ ሰው ደግሞ በቀላሉ ይታለላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦሃዮ በኢሪ ሐይቅ ዳርቻ ዴቪስ ቤሲና ፔሪ የሚባሉ ሁለት የኒውክሊየር ኃይል ማመንጫዎች አሏት። ባለቤቱ ፈርስት ኢነርጂ የተባለው የመብራት ኩባንያ ቅርንጫፍ ነበር። ከመሬት ውስጥ የሚወጣው የተፈጥሮ ጋዝ እየረከሰ ሲሄድ የኒውክሊየሩ ገበያ ተበላሸ፤ ቅርንጫፉም በመጋቢት 2018 መክሠሩን ለፍርድ ቤት አስታወቀ። ኩባንያው ከዚያ በፊት በ2017 የስቴቱን ሕግ አውጪዎች «ደንበኞች ይደጉሙኝ» ብሎ ለምኖ አልሆነለትም። ለምኖ ያጣ ነጋዴ ምን ያደርጋል? ለማኙን የማይመልስ ምክር ቤት ይሠራል።

ለዚህም ሰው አላጣም። ሚስተር ሃውስሆልደር ከ2001 እስከ 2004 አፈ ጉባኤ የነበሩ፣ በፌዴራል ምርመራ ጭምጭምታ መካከል ምክር ቤቱን ለቀው የሄዱ፣ ክስ ግን ያልተመሠረተባቸው ሰው ናቸው። በ2016 ምርጫ ተመልሰው ገቡ። ዓላማቸውም አንድና ግልጽ ነበር፤ ያቺን መንበር መልሰው መያዝ። በጥር 2017 በኩባንያው አውሮፕላን ተሳፍረው ለፕሬዚዳንት ትራምፕ በዓለ ሲመት ዋሽንግተን ወረዱ። በየካቲት ጄኔሬሽን ናው የሚባል ድርጅት ተቋቋመ። ብዙም ሳይቆይ ከኩባንያው በኩል በየሩብ ዓመቱ 250 ሺህ ዶላር ይገባ ጀመር። ቀስ በቀስ 250 ሺው ሚሊዮን ሆነ፣ ሚሊዮኑ ወደ 60 ሚሊዮን ተጠጋ።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ይበልልኝ። በኦሃዮ ሕግ ኩባንያ ለዕጩ ተወዳዳሪ በቀጥታ ገንዘብ መስጠት ክልክል ነው። ግለሰብ መስጠት ይችላል፣ ለዚያውም ጣራ ተበጅቶለት። የሰጪው ስም፣ አድራሻና የገንዘቡ መጠን ይመዘገባል፣ ማንም ሄዶ ማየት ይችላል። ወረቀት ላይ ሲታይ እንከን አይወጣለትም። ጄኔሬሽን ናው ግን የዕጩ ቢሮ አይደለም፣ ፓርቲም አይደለም። በአሜሪካ የግብር ሕግ 501 ሲ 4 ተብሎ በሚታወቀው አንቀጽ የተመዘገበ «የማኅበራዊ ደኅንነት» ድርጅት ነው። የማን ደኅንነት እንደሆነ አይጠየቅም። የሰጪዎቹን ስም ለሕዝብ የመግለጽ ግዴታ የለበትም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥር 2010 ሲቲዝንስ ዩናይትድ በተባለው መዝገብ ኩባንያዎች በራሳቸው ስም ለምርጫ ቅስቀሳ ያለ ገደብ እንዲያወጡ ከፈቀደ ወዲህ ደግሞ እንዲህ ያለው ድርጅት ሰፊ በር ሆኗል። በፊት ለፊቱ በር ጠባቂ ቆሞ የእንግዳውን ኪስ ይፈትሻል፤ የጓሮው በር ግን በርም የለው። እነሱ ራሳቸው ስም አውጥተውለታል፣ «የጨለማ ገንዘብ» ይሉታል።

በ2018 የፓርቲ ውስጥ ምርጫ ይህ ገንዘብ ለሚስተር ሃውስሆልደርና ለእሳቸው ለታመኑ ወደ 20 ለሚጠጉ ዕጩዎች ማስታወቂያ፣ ቀስቃሽና በራሪ ወረቀት ሆነ። እዚህ ላይ ስለ ኒውክሊየር አንድ ቃል እንዳልተነገረ ልብ ይሏል። መራጩ የሰማው የተቃራኒውን ዕጩ ጉድ ነው። ዕጩዎቹ ገቡ። በጥር 2019 የአፈ ጉባኤነቱ ድምፅ ሲሰጥ ሚስተር ሃውስሆልደር 52 ድምፅ አገኙ። ከሪፐብሊካኑ ፓርቲ 26፣ ከዴሞክራቱ 26። አዎን፣ ከተቃዋሚው ወገን 26! የራሳቸው ፓርቲ ተከፍሎባቸው ሳለ ተቃዋሚው ጎትቶ አወጣቸው። ለምን ሲባል፣ ተፎካካሪያቸው ይብሳሉ፣ እኚህ ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር ይግባባሉ ተባለ። ይህን የምጠቅሰው ሚዛን ለመጠበቅ ብዬ አይደለም። ከ2011 ጀምሮ በኦሃዮ ሁለቱንም ምክር ቤቶችና የአገረ ገዥውን ወንበር የያዘው የሪፐብሊካን ፓርቲ ነው፤ የተጠያቂነቱም ትልቁ ሸክም የእሱ ነው። ተቃዋሚውም ቢሆን ግን ያኔ የሸጠውን እያወቀ ኋላ «ጉድ!» ሲል መስማት ያስቃል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ሕግ ቁጥር 6 ተረቀቀ፣ ተከራከሩበት፣ ሐምሌ 23 ቀን 2019 ጸደቀ። አገረ ገዥው ማይክ ደዋይን በዚያው ዕለት ፈረሙበት። ሕጉ ምን ይላል? ከ2021 ጀምሮ እያንዳንዱ ቤተሰብ በወር 85 ሳንቲም ለኒውክሊየሮቹ ይክፈል ይላል፤ በዓመት 150 ሚሊዮን ዶላር ሊሰበሰብ። ይህ ብቻ አይደለም። ዕድሜ የጠገቡ ሁለት የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎችን ደጉሙ ይላል፤ አንደኛው ጭራሽ የሚገኘው በጎረቤት ስቴት በኢንዲያና ነው። በዚያው ላይ የመብራት ኩባንያዎች ከነፋስና ከፀሐይ ኃይል እንዲገዙ የነበረባቸውን ግዴታ ሸረሸረው፣ ኃይል የመቆጠቡንም ግዴታ ሰረዘው። ጠቅላላ ዋጋው ወደ 1 ነጥብ 3 ቢሊዮን ዶላር ተገምቷል። እስቲ እናስላው። 60 ሚሊዮን ዘርቶ 1 ነጥብ 3 ቢሊዮን ማጨድ ማለት በአንድ ዶላር ከ21 ዶላር በላይ ነው። እንዲህ ያለ ለም መሬት ያለው ገበሬ ማን ነው? መሬቱ ደግሞ የኦሃዮ ሕዝብ ኪስ ነው።

የኦሃዮ ሕገ መንግሥት ለሕዝቡ አንድ መሣሪያ ሰጥቶታል። ሕግ ያልተስማማው ዜጋ በ90 ቀን ውስጥ በቂ ፊርማ ካሰባሰበ ሕጉ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ሕዝበ ውሳኔ ይደረግበታል። የተፈለገው ፊርማ 265,774 ነበር። ከ60 ሚሊዮኑ ከግማሽ በላይ የፈሰሰው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ከጠቅላላው ታሪክ ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ዕጩ መግዛት አንድ ነገር ነው። የሕዝብን እጅ ፊርማው ላይ ሳያርፍ መያዝ ግን ሌላ ነገር ነው። በቴሌቪዥንና በፖስታ «ቻይና የመብራት መሥመራችሁን ልትወስድ ነው፣ እንዳትፈርሙ» የሚል ማስታወቂያ ተዥጎደጎደ። ፊርማ አሰባሳቢው በቆመበት መንገድ ሁሉ አጠገቡ የሚቆም፣ የሚከራከር፣ የሚገፋ ሰው ተቀጠረ። አሰባሳቢዎቹን ሥራ ትተው ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ ገንዘብና የአውሮፕላን ትኬት ቀረበላቸው። የሪፐብሊካን ፓርቲ የስቴቱ ሊቀ መንበር የነበሩት ማት ቦርጀስ ለአንድ የፊርማ ዘመቻው ሠራተኛ 15 ሺህ ዶላር ሰጥተው የውስጥ መረጃ ጠየቁት። ልጁ ግን ቀድሞ ለኤፍ ቢ አይ ተናግሮ ነበርና ንግግሩ ሁሉ ተቀዳ። ፊርማው በጥቅምት ሳይሞላ ቀረ። ሕጉም ጸና።

ሐምሌ 21 ቀን 2020 ሚስተር ሃውስሆልደርና አራት ግብረ አበሮቻቸው ተያዙ። የክሱ ወረቀት ፈርስት ኢነርጂን በስም አይጠራም፣ «ኩባንያ ሀ» ይለዋል። ደግነቱ ስሙን የማያውቅ ኦሃዮአዊ አልነበረም፤ ስሙ በየወሩ በሂሳብ ደረሰኙ ላይ ይመጣለታል። ሁለቱ ተከሳሾች በዚያው ዓመት ጥፋታቸውን አመኑ፣ ጄኔሬሽን ናው ራሱ እንደ ድርጅት በ2021 አመነ። ኩባንያውም በሐምሌ 2021 ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተስማምቶ 230 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ሊከፍል ፈረመ። ለስቴቱ የመብራትና የውኃ አገልግሎት ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ሊቀ መንበርነት ለታጩት ለሳም ራንዳዞ ሥራቸውን ሊጀምሩ ጥቂት ሲቀራቸው 4 ነጥብ 3 ሚሊዮን ዶላር መክፈሉንም አመነ። እኚህ ሰው በታኅሣሥ 2023 ተከሰው ነበር፤ ፍርዱን ሳያዩ በሚያዝያ 2024 ሞቱ። ጠባቂውን ሳይቀር ደመወዝ ቆርጦለታል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክሬ ልግባ። ሚስተር ሃውስሆልደር ችሎት ላይ ራሳቸው ቆመው መሰከሩ። መከላከያቸው ምን ነበር? ይህ ጉቦ ሳይሆን ፖለቲካ ነው፣ ሁሉም እንዲህ ነው ገንዘብ የሚሰበስበው የሚል ነው። ብዙ ሰው ሳቀባቸው። እኔ ግን አልሳቅሁም። ከ60 ሚሊዮኑ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚሆነውን ለክሬዲት ካርድ ዕዳቸው፣ ፍሎሪዳ ላለው ቤታቸው ማሠሪያ፣ ለግል ክርክር መጨረሻ አዋሉት። ይህ ያለ ጥርጥር ሌብነት ነው። የቀረውስ? ከቀረው አብዛኛው እሳቸው እንዳሉት ነው የዋለው፣ ለፖለቲካ። ሰውየው እውነታቸውን ነው! ክሱም መሆን የነበረበት በዚህ እውነት ላይ ነው።

በኛ ቋንቋ እጅ መንሻ፣ መማለጃ፣ ጉቦ እያልን እንለያለን። እጅ መንሻ ጌታ ፊት በአደባባይ ይቀርባል፤ ሙክቱም ማሩም ሰው እያየው። ጉቦ በምሽት፣ በነጠላ ሥር ይገባል። መማለጃው መሐል ላይ ነው፣ ፊቱ የስጦታ፣ ጀርባው የልመና። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1991 ማኮርሚክ በተባለው መዝገብ የምርጫ መዋጮ ጉቦ ሆኖ የሚያስቀጣው «ይህን ስጠኝ፣ ያንን አደርግልሃለሁ» የሚል ግልጽ ቃል የታሰረ እንደሆነ ነው ብሎ ወስኗል። ስለዚህ ብልጥ ሰው ቃል አያስርም። ያው እራት ይበላል፣ ይሳሳቃል፣ ቼኩ በሳምንቱ ይመጣል፣ ሕጉ በዓመቱ ይመጣል። በመሐሉ የተነገረ ቃል የለም። ኦሃዮ ላይ የተያዙት ስለ ወሰዱ አይደለም፣ ስለ ተናገሩ ነው። የድምፅ መቅጃ ባይኖር፣ ያ ልጅ 15 ሺሁን ዶላር ተቀብሎ ዝም ቢል ኖሮ ሚስተር ሃውስሆልደር እስካሁን መዶሻቸውን እየቀጠቀጡ ይሆን ነበር።

ታዲያ «ሕግ አለ» ለሚለው ወዳጄ የምጠይቀው ይህን ነው፣ ማን ያዛቸው? የፌዴራሉ መንግሥት ፖሊስ። የኦሃዮ ተቋማትስ? የስቴቱ ምክር ቤት በሐምሌ 2020 ከአፈ ጉባኤነት አነሣቸው እንጂ ከወንበራቸው አላነሣቸውም። በኅዳር ምርጫ ደረሰ። ተከሰው ሳለ ተወዳደሩ፣ በምርጫው ወረቀት ላይ የታተመ ተቀናቃኝ ስም አልነበረምና በቀላሉ ተመረጡ። ምክር ቤቱ ያባረራቸው ከተያዙ ወደ 11 ወር ገደማ በኋላ፣ በሰኔ 2021፣ በ75 ድምፅ ነው። በ150 ዓመት ውስጥ ያልታየ እርምጃ ነው ተባለ። ያን ቀን እንኳ 21 የምክር ቤት አባላት አይባረሩ ብለዋል። ሕጉን በዕለቱ የፈረሙት አገረ ገዥ አልተከሰሱም። ሰዎቹ በተያዙ ማግሥት በሕጉ እንደጸኑ ተናግረው በቀጣዩ ቀን «ይሻር» አሉ፤ በ2022 በሰፊ ልዩነት እንደገና ተመረጡ። የኩባንያው ሁለት ሹማምንት በስቴቱ ፍርድ ቤት የተከሰሱት በ2024፣ በፌዴራሉ ደግሞ በ2025 ነው፤ ጥፋተኛ አይደለንም ብለዋል። ሕጉ ከወጣ ያኔ አምስት ዓመት አልፎታል።

ሕጉስ? የኒውክሊየሩን ድጎማ ገና ሳይሰበሰብ በታኅሣሥ 2020 ፍርድ ቤት አገደው፣ በመጋቢት 2021 ተሻረ። ይህን ላመስግን። የከሰሉ ድጎማ ግን እስከ 2025 አልተነካም! ከጥር 2020 ጀምሮ ቤተሰብ በወር እስከ 1 ዶላር ከ50 ሲከፍል ኖረ። አፈ ጉባኤው ታሰሩ፣ በአፈ ጉባኤው ዘመን የወጣው ሕግ ግን ያለ ጠባቂ ሲዘዋወር ከረመ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው።

በኮለምበስ ከተማና በዙሪያዋ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። ታክሲ ይነዳሉ፣ መጋዘን ውስጥ ይሠራሉ፣ ሆስፒታል ያገለግላሉ። አብዛኞቹ ይህን ከፍለዋል። በመብራት ሂሳቡ ዝርዝር ውስጥ «ሌጋሲ ጄኔሬሽን ሪሶርስ ራይደር» የሚል መሥመር ነበረ። እንግሊዝኛውን እንኳ ተወላጁ የማይገባው ዓይነት ነው። ወደ አማርኛ ቢመለስ «ከቀድሞ ዘመን ለወረስናቸው ማመንጫዎች የተጨመረ» እንደ ማለት ነው። ኢንዲያና ያለ የከሰል ማመንጫ ለነሱ በምን ውርስ እንደ ደረሳቸው የነገራቸው የለም። አንድ ዶላር ከ50 ምን አላት የሚል ይኖራል። እነሱ ዘንድ እድር አለ አይደል? የእድር ገንዘብ ያዥ ከእያንዳንዱ አባል በወር አንድ ብር ከሃምሳ ሳያስመዘግብ ቢወስድ፣ «ምን አላት» የሚል አባል ይገኛል? የዓመቱ ሂሳብ በስም እየተጠራ እስኪነበብ ማን ከወንበሩ ይነሣል?

አንድ የረባ መልስ ያላቸው ተከራካሪዎች እንዳሉ አውቃለሁ። የሰጪ ስም መደበቅ የነፃነት ጉዳይ ነው ይላሉ፤ ለዚህም አላባማን ይጠቅሳሉ። በ1950ዎቹ አላባማ ለጥቁሮች መብት የሚታገለውን ማኅበር የአባላትህን ዝርዝር አምጣ ብላ አስጨነቀችው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1958 አትሰጥም ብሎ ፈረደለት። ትክክለኛ ፍርድ ነው፤ እኔም ዳኛ ብሆን ያንኑ እፈርድ ነበር። ግን እስቲ እናስተያይ። ያ አባል ስሙ ቢወጣ ከሥራው ይባረራል፣ ቤቱ ይቃጠላል፣ ይገደላል። ፈርስት ኢነርጂ ስሙ ቢወጣ ምን ይሆናል? ደንበኛው ያውቃል። ያ ብቻ። ያኛው የሸሸው ከገዳይ ነው፣ ይህኛው የሸሸው ከከፋይ። ሁለቱን በአንድ ጥላ ማስጠለል የአላባማን ሰዎች መሳደብ ነው።

ሌላው መልስ «ዴሞክራቶቹስ?» የሚል ነው። አዎን፣ ዴሞክራቶቹም! ሚስተር ሃውስሆልደር ሊያዙ አራት ቀን ሲቀረው በጎረቤት በኢሊኖይ የመብራት ኩባንያው ኮምኤድ የዚያን ስቴት አፈ ጉባኤ ሚስተር ማይክል ማዲጋንን ለመደለል ለሰዎቻቸው ሥራና ገንዘብ ሲያድል መኖሩን አምኖ 200 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ማዲጋን ዴሞክራት ናቸው፤ በሰኔ 2025 በሰባት ዓመት ተኩል እሥራት ተቀጥተዋል። ታዲያ ይህ ለኦሃዮው ሪፐብሊካን ምን ይጠቅመዋል? የጎረቤት ቤት መቃጠሉ የራሱን እሳት አያጠፋለትም።

የኦሃዮ ምክር ቤት ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን ሠራ? የጨለማ ገንዘብ ሰጪዎች ስም ይገለጥ የሚሉ ረቂቆች በቅሌቱ ማግሥት ቀርበው ሳይጸድቁ ቀሩ። «ጉዳዩ ረቂቅ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል» ይባላል። በ2024 ግን የውጭ አገር ዜጋ ገንዘብ በሕዝበ ውሳኔ ዘመቻ ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ በልዩ ስብሰባ በቀናት ውስጥ አለቀ። ሕዝቡ በፊርማ ያስነሣቸው ውሳኔዎች ለገዢው ፓርቲ ስላልጣሙት ነው እንጂ ነገሩ ከሌላው የቀለለ ሆኖ አይደለም። ሲፈልጉ መሮጥ እንደሚችሉ አሳዩን። በ2025 ደግሞ በበጀት ሕጉ ሆድ ውስጥ አንድ አንቀጽ ከትተው የኦሃዮ ምርጫ ኮሚሽን ከ2026 መግቢያ ጀምሮ እንዲፈርስ ወሰኑ። ይህ ኮሚሽን ከዋተርጌት ቅሌት በኋላ በ1974 የተቋቋመ፣ ከሁለቱም ፓርቲ እኩል አባላት የነበሩት፣ የምርጫ ገንዘብ አቤቱታ የሚሰማ አካል ነበር። ቀርፋፋ ነበር ይላሉ። ይሁን፣ ቀርፋፋ ነበር። ሥራው ግን በፓርቲ ተወዳድሮ በሚመረጠው በስቴቱ ዋና ጸሐፊ መሥሪያ ቤት ጥላ ሥር እንዲገባ ተደረገ። ዳኛው ቀርፋፋ ነው ብሎ ተከራካሪውን ማስፈረድ በየትኛው አገር ነው የሚያፋጥነው?

የምርጫ ወቅት በመጣ ቁጥር ዕጩዎች ወደኛ ሰዎችም ይመጣሉ። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ በመስጊዱ ግቢ፣ በምግብ ቤቱ ይታያሉ፤ እንጀራ ይቆርሳሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ። ስለ ታክሲ ፈቃድ፣ ስለ ቪዛ፣ ስለ ትምህርት ቤት ይጠየቃሉ፣ መልካም ነው። አንድ ሰው ግን ተነሥቶ «በቴሌቪዥን ተቃዋሚዎን የሚያዋርደውን ማስታወቂያ የከፈለልዎ ማን ነው?» ይበላቸው። መልሱን ከአሁኑ ልንገረው፤ «ያ ድርጅት የእኔ አይደለም፣ ከእነሱ ጋር መነጋገርም ሕግ አይፈቅድልኝም» ይሉታል። ሚስተር ሃውስሆልደርም ምለው በቆሙበት ችሎት ስለ ጄኔሬሽን ናው ሲጠየቁ ያሉት የእኔ አይደለም ነው።